የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ክርስትና

ወረታ፣ ግንቦት 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእማሆይ ደብረወርቅ፣
ዴር ሡልጣን፣ ኢየሩሳሌም

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! እኔ እስክመጣ ይህች ወረቀት ቀድማኝ መስቀልዎን ትሳለምልኝ። ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? ደረጃው አሁንም ያስቸግርዎታል? እኛ በጸሎትዎ ደኅና ነን። አባዬም እማዬም ደኅና ናቸው። ለወንድሜ ለክንዴ የሐሙሲት ልጅ ታጭታለታለች፤ ሠርጉ ለጥር ነው። የርብ ወንዝ ገና አልሞላም። አባዬ ዘንድሮ ከጤፉ መሬት ቀንሶ ሩዝ ሊጨምር ነው።

ትልቁን ወሬ ለመጨረሻ ላቆየው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። አባዬ እርስዎ ዘንድ እንድመጣ ፈቀደልኝ! የላኩለትን ደብዳቤ አስደግሞ ካስነበበኝ በኋላ፣ «እኅቴ ዘንድ ከሆነ ትሂድ። እዚህስ መች ድምጿን ሰምተን እናውቃለን? ብትሄድም ብትኖርም ቤቱ እንደሆነ ያው ነው» አለ። እማዬ ሳቀች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ዕድሜዬ ገና ዐሥራ ስድስት ስለሆነ የአባት ፊርማ ያስፈልጋል ተብሏል፤ ከመስቀል በኋላ ባሕር ዳር ሄዶ ይፈርምልኛል።

በጣሪያ ላይ ስላለው ገዳም፣ ቀኑን ሙሉ ሳይነጋገሩ ስለሚውሉት እናቶች የጻፉልኝን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አይጠይቁኝ። እኔ ሰው ሲያየኝ አፌ ይደርቃል። ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁትም መምህሩ «ተነሽና አንብቢ» ሲለኝ ከመነሳት መቅረቱ ስለቀለለኝ ነው። እግዚአብሔር ዝም የሚባልበት ቤት እንዳለው ስሰማ ለእኔ ብሎ የሠራው መሰለኝ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት።

ከመንደራችን ዝቅ ብሎ፣ ከርብ ዳር፣ መነን የምትባል ሸክላ ሠሪ አለች። ባሏ አንለይ ይባላል። ከሩቅ አገር ከመጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ስለሆነ እዚህ ዘመድ የላቸውም። ድስቷን ሰው ሁሉ ይገዛል፤ ይፋግ ገበያ ሳትደርስ መንገድ ላይ የሚያልቅባት ቀን አለ። ቤቷ ገብቶ ውኃ የሚቀምስላት ግን የለም። «ጠይብ ናት፣ ዓይኗ ሰው ይበላል» ይላሉ። ይቺ ሴት በመድኃኔ ዓለም ዕለት ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ለክርስትና የምትበቃበት ሰማንያ ቀን ለሐምሌ ኪዳነ ምሕረት ይሞላል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ኃይለ ሚካኤል፣ «የዚችን ሕፃን ክርስትና የምታነሳ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ጎረቤታችን እትዬ እማዋይሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈን አድርጋ፣ «ድስት ቢሆን እናነሳ ነበር፤ ልጇን እንኳ ይቅርብን» አለች። ሳቁ። መነን ገና አራስ ስለሆነች ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ነበር። እንደሰማች አየሁ፤ ሕፃኗን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረቻት።

ያን ጊዜ በውስጤ አንድ ነገር «እኔ» አለ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልልም። አፌም አልተከፈተም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያ ድምፅ ዝም አላለኝም።

እማሆይ፣ ወደ ገዳም የምትሄድ ልጅ ክርስትና ማንሳት ትችላለች? ቀኑ ሳይደርስ ይመልሱልኝ።

መስቀልዎን ከሩቅ የምትሳለም፣
ሰገን ባየህ


ኢየሩሳሌም፣ ግንቦት 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰገን፣

ከሞት የተነሣው ጌታ በአንቺ፣ በወንድሜ በባየህና በቤቱ ሁሉ ላይ ብርሃኑን ያብራ። ደብዳቤሽን የተቀበልኩት ደረጃው መካከል ላይ ነው። እዚያው ተቀምጬ አነበብኩት፤ ስነሳ ጉልበቴን ረስቼው ነበር።

በቀዳም ሥዑር ያየሁትን ልንገርሽ። ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ የጌታ መቃብር ባለበት ቤተ ክርስቲያን ይታጨቃል። መብራት ሁሉ ይጠፋል። የማላውቀው የስንት አገር ቋንቋ በአንድ ጨለማ ውስጥ ሲንሾካሾክ ትሰሚያለሽ። ከዚያ ከመቃብሩ መስኮት እሳት ይወጣል። አንዱ ከሌላው ጧፍ እየለኮሰ፣ ጣሪያው ሳይቀር እስኪታይ ድረስ ያ ጨለማ ሁሉ ይበራል። ስንት ዓመት አየሁት፤ አሁንም በየዓመቱ እንደ አዲስ እንቀጠቀጣለሁ። ከአጠገቤ ቆመሽ ጧፍሽን ከጧፌ እንድትለኩሺ እመኛለሁ።

ክፍላችን ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ግን ትይዛለች። ማደሪያሽን ከአሁኑ አሰናድቻለሁ። ውኃ መሸከም ትችያለሽ? ለራሴ ብዬ አይደለም፤ እዚህ ሁሉም ይሸከማል። ለወረቀቱ ጉዳይ ፎቶግራፍ ላኪልኝ። ባየህ ፊርማውን እንዳያዘገይ ንገሪው። ከአገር ቤት ማን እንዳረፈም ጻፊልኝ፤ በጸሎት ልጥራቸው።

ስለ ሕፃኗ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። እግዚአብሔር ሰው አያሳጣትም።

አክስትሽ፣
እማሆይ ደብረወርቅ


ወረታ፣ ሰኔ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

እማሆይ፣

የሐዋርያት ጾም እንዳይከብድዎ እለምናለሁ። ፎቶግራፉን ወረታ ከተማ ሄጄ ተነሳሁ። ሰውየው «ፈገግ በይ» ሲለኝ ዓይኔን ስለጨፈንኩ እንዲያ ሆኖ ወጣ፤ ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ልነሳ ብል አባዬ «ዓይኗ ቢገለጥም መሬት ነው የምታየው» ብሎ ተወው።

«እግዚአብሔር ሰው አያሳጣትም» ያሉኝን ቃል ይዤ ሰነበትኩ። በየእሑዱ ሴቶቹን እየዞርኩ አያለሁ፤ ይቺ ትሆን? ያቺ ትሆን? ማንም የለም። ሲጨንቀኝ ለመምሬ ኃይለ ሚካኤል ነገርኳቸው። ነገርኳቸው ስል፣ አጠገባቸው ቆሜ ቆሜ፣ እሳቸው «ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ «ልጅቷን» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። እሳቸው ግን ገባቸው። ቆየት አድርገው አዩኝና፣

«ጸሎተ ሃይማኖትን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«በልቤ።»

«እዚህ ላይ በልብ አይሆንም። ሕፃኗ አፍ የላትም፤ አፏ አንች ነሽ።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከደጀ ሰላሙ ቆሜ እልላቸዋለሁ። መካከሉ ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። እስካሁን ጨርሼው አላውቅም።

ወሬው አባዬ ዘንድ ሲደርስ እርሻውን ጥሎ መጣ።

«የማንን ልጅ ነው የምታነሽው?»

«የመነንን።»

«ከጠይብ ጋር አበልጅ ልታደርጊኝ? ነገ እነሱ ከቤቴ ሊበሉ፣ እኔ ከቤታቸው ልበላ? የሐሙሲት ሰዎች ይህን ሰምተው ልጃቸውን ለክንዴ የሚሰጡ ይመስልሻል?»

የነጠላዬን ጫፍ እጠቀልል ጀመር።

«ተናገሪ እንጂ! ከቄሱ ጋር ስትዶልቺ አፍ አለሽ፣ እኔ ስጠይቅሽ ይዘጋል?»

ክንዴ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ምን አስጨነቃት፣ እሷ ሄዳ ትገላገላለች። ስሙን ተሸክሜ የምቀረው እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። ክንዴ እጮኛውን ይወዳታል፤ ለማንም አይናገርም እንጂ።

አባዬ በመጨረሻ ተቀመጠ። ቁጣው ወጣለትና፣ «ሰገን፣ አልከለክልሽም። እግዚአብሔርን እፈራለሁ። ግን ምረጭ። ወይ ኢየሩሳሌም፣ ወይ የጠይብ ልጅ። ያነሳሻት ቀን እኔ ፊርማ የለኝም» አለኝ።

እማሆይ፣ ትናንት እማዬ ያዘዘችውን ገንቦ ልወስድ መነን ቤት ሄጄ ነበር። መነን እጇ ጭቃ ስለነበረ፣ ሕፃኗ ስታለቅስባት፣ «እስኪ ያዣት፣ ካልፈራሽ» አለችኝ። ያዝኳት። ዝም አለች። በዚያች ትንሽ እጇ ጣቴን ጨበጠችው። መነን ወደ እኔ ሳታይ፣ «የሚጨብጡትን አይመርጡም፣ ልጆች» አለችና ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

ሁለት ነገር እየጠራኝ ነው፤ የሁለቱም ድምፅ የእርሱ ይመስለኛል። የቱ ነው? ቁርጡን ይንገሩኝ።

ሰገን


ኢየሩሳሌም፣ ሐምሌ 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ልጄ ሰገን፣

ሐዋርያትን የመረጠ አምላክ ልብሽን ያጽናልሽ። ይህን ወደ አገር ቤት በሚመለስ ዲያቆን እጅ ልኬዋለሁና ከቀኑ ቀድሞ ይደርስሻል።

አታንሺ።

ክርስትና ያነሳች ሴት እናት ናት፤ እናት ደግሞ ልጇን ጥላ አትመንንም። አባትሽን አታሳዝኚ፤ ወንድምሽን ከእጮኛው አታለያዪ። አንቺ የተጠራሽው ለዚህ ስፍራ ነው። ለሕፃኗ ባል ያላት፣ ጎጆ የወጣች ሴት ትገኛለች።

ፎቶግራፍሽን አየሁት። የምትጸልዪ ነው የምትመስዪው። ከራስጌዬ ሰክቼዋለሁ። ቶሎ ነይልኝ፤ ደረጃው በዚህ ወር በርትቶብኛል።

አክስትሽ፣
እማሆይ ደብረወርቅ


ወረታ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

እማሆይ፣

የኪዳነ ምሕረት እናትነት ባሉበት ይጠብቅዎት። መልስዎ አልደረሰኝም። ጎርፉ መንገዱን ስለቆረጠው ከወረታ ከተማ የሚመጣ ሰው የለም። ቀኑ ግን አልጠበቀኝም።

አንስቻለሁ።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍልዎት፤ ለማንም መናገር ስላልቻልኩ ለእርስዎ ልጻፈው።

በዋዜማው ርብ ሰብሮ ወጣ። ጎህ ሲቀድ ብወጣ ሜዳ የለም። ከእኛ ደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ድረስ ውኃ ብቻ ነው፤ ሰማዩ ከላይም ከታችም ነበር። ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ቆመዋል። እማዬ ከኋላዬ መጥታ ነጠላዋን ከራሷ አውልቃ ደረበችልኝ። «አባትሽ ነቅቷል፤ የተኛ መስሎ ነው» አለችኝ። አባዬ በእርግጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። እግሩን ሳምኩና ወጣሁ። አልሰበሰበውም።

ከሜዳው ከፍ ባለው የወንዙ ዳርቻ ዞሬ መነን ቤት ስደርስ ውኃው ደጃፋቸው ገብቷል። ታንኳ ካለው ሰው ማንም አላዋሳቸውም። አንለይ ቆሞ ውኃውን ያያል። መነን ወደ ጓዳ ገባችና ለሽያጭ የሠራችውን ትልቅ አዲስ ቡሃቃ አወጣች። ጨርቅ አነጠፈችበት። ሕፃኗን አስተኛቻት። አንለይ ቡሃቃውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ተሸከመው። መነንና እኔ እጅ ለእጅ ተያይዘን ከኋላው ገባን።

ውኃው እስከ ደረቴ ደረሰ። ከሥር ጭቃው እግሬን ይስባል። እፈራለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ከፊቴ ያ የሸክላ ዕቃ ከውኃው በላይ ሳይነቃነቅ ሲሄድ እያየሁ ምንም አልፈራሁም። ሕፃኗ አላለቀሰችም። የወፎቹ ድምፅ ብቻ ነበር። ስለ ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንባዬ ይወርዳል።

ጉብታው ላይ ሰው ተሰብስቦ ያየናል። እትዬ እማዋይሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ኧረ ጉድ እዩ! ጠይቧ ልጇን አብኩታ አመጣቻት!» አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። ከውኃው ስንወጣ ግን፣ አንለይ ቡሃቃውን መሬት ሲያስቀምጥና ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ ሰማይ ሰማይ ስታይ፣ የሳቁት ዝም አሉ። አንዲት አሮጊት አማተቡ።

መምሬ በክርስትና ቤቱ ውኃውን እየባረኩ ነበር። ሕፃኗን ታቅፌ ቆምኩ። ወደ ምዕራብ አዞሩኝና ሰይጣንን መካዴን ጠየቁኝ። መለስኩ። እኔ የመለስኩ መሰለኝ።

«አልሰማሁሽም» አሉ።

እንደገና አልኩ። ከኋላዬ ሴቶቹ «ምን አለች?» «ምንም አላለች» ይባባላሉ።

መምሬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «ሰገን፣ የምትናገሪው ለእኔ አይደለም፣ ለእነሱም አይደለም። ለሰይጣን ነው። እሱ ደግሞ ሹክሹክታ አይፈራም» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሕፃኗን አየኋት። ቀና ብላ አፌን ታያለች። አፏ እኔ ነኝ።

«እክህደከ ሰይጣን!» አልኩ። እማሆይ፣ ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ከውጭ ያሉት ውሾች ጮኹ ብለው በኋላ ነገሩኝ። ሁለተኛ አልኩ፤ ሦስተኛ አልኩ። ወደ ምሥራቅ አዞሩኝ፤ ጸሎተ ሃይማኖቱን መምሬ በየቃሉ እየመሩኝ አመንኩላት።

ከዚያ ውኃ ውስጥ ገብታ ስትወጣ ተቀበልኳት። ሜሮን ሲቀቧት ከግንባሯ እስከ እግሯ ጣት ድረስ አየሁ፤ አንድም የተረሳ ቦታ የለም። ሰው ሁሉ እንዳያየው የሚፈራው ዓይኗ ተቀባ። ማተቧን አሰርኩላት። ስሟን ወለተ ኪዳን አሏት። መነን አራስነቷን ጨርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባችና ከአጠገቤ ቆመች፤ ከሁለታችን ልብስ ውኃ ይንጠባጠባል።

በቅዳሴው መጨረሻ ቅዱስ ደሙን አቀበሏት። ምላሷን አወጣች፤ ዋጠች። ሌላ ነገር እንዳይገባበት አፏን በነጠላዬ ሸፈንኩት።  ማንም ውኃ የማይቀምስለት ቤት ልጅ እግዚአብሔርን ቀመሰችው። ይህን ሳስብ እስከ አሁን ድረስ ብዕሩን አስቀምጬ እቆያለሁ።

ስመለስ አባዬ ሣጥኑን ከፈተ። ለኢየሩሳሌም የተሰናዳውን ወረቀት ከሣጥኑ አውጥቶ ለእማዬ ሰጣት፤ «አስቀምጭው፤ አያስፈልግም» አለ። በሦስተኛው ቀን የሐሙሲት ሰዎች በሽማግሌ ላኩ፤ የክንዴ ነገር ፈረሰ። ክንዴ አያናግረኝም።

ይቅር ይበሉኝ። ሳያስፈቅድዎት አደረግሁት።

ሰገን


ወረታ፣ መስከረም 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

እማሆይ፣

አዲሱ ዓመት ደስ የሚልዎትን የሚሰሙበት ይሁንልዎት። የሐምሌ ሁለቱ ደብዳቤዎ በጳጉሜን ደረሰኝ። ዲያቆኑ አዲስ አበባ ታሞ ተኝቶ ነበር አሉ፤ ከዚያ ደግሞ ጎርፉ። «አታንሺ» የሚለውን ሳነብ ወለተ ኪዳን ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር።

አልዋሽዎትም፤ ከቀኑ በፊት ቢደርሰኝ ኖሮ እታዘዝዎ ነበር።  ዲያቆኑን ያሳመመው እግዚአብሔር ነው አልልም፣ እንዲህ ማለት ያስፈራኛል። ብቻ ቃልዎ በመንገድ ሳለ ልጅቷ ተጠመቀች።

ከዚያ የሆነውንም ልንገርዎት።

በፍልሰታ መጨረሻ ታመምኩ። ትኩሳት፣ ብርድ፣ እንደገና ትኩሳት። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ይህን ነበር። እትዬ እማዋይሽ እየሮጠች መጥታ፣ «አላልኩም? በላቻት!» አለች። አባዬ ተሸበረ። እንደ አገሩ ልማድ ጭስ አጨሱብኝና ዙሪያዬን ከበው፣ «ማን ነህ? ከማን ቤት ነው የመጣኸው?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ያውቁታል እማሆይ፣ በሽተኛው በትኩሳት አፉ የጠራውን ሰው ሄደው ያወጡታል። እኔ «መነን» ብል ኖሮ በዚያው ቀን ልጇን አዝላ ከአገር ትወጣ ነበር።

ይህን እየሰማሁ ነበር። ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣል፤ አፌ ግን የእኔ አልነበረም፤ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። በሕይወቴ ሙሉ አፌ እንዲከፈት ስለምን ነበር፤ ያን ቀን እንዲዘጋ ለመንኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። እማዬ ናት የነገረችኝ።

«ስትጠየቂ ዓይንሽን ገለጥሽ» አለችኝ። «‹ነአምን በአሐዱ አምላክ› ብለሽ ጀመርሽ። እትዬ እማዋይሽ ‹ዝም በይ፣ ስሙን ተናገሪ!› ብትልሽ አልሰማሻትም። አንድም ቃል ሳትስቺ እስከ ‹አሜን› ድረስ ወረድሽው። አባትሽ የሚጨሰውን ገል በእጁ ይዞ ቆሞ ቀረ።»

ጨርሼው አላውቅም ብዬ ጽፌልዎት ነበር። ጤነኛ ሆኜ ብቻዬን ያልዘለቅኩትን ታምሜ እንዴት እንደጨረስኩት ስለማላውቅ፣ የጨረሰው ማን እንደሆነ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

አባዬ ገሉን ደጅ አውጥቶ ውኃ ደፋበት። እትዬ እማዋይሽ «ዋንዛዬ ጠበል ውሰዳት እንግዲያ» ስትለው፣ «ጠበሉም ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሐኪም ይያት» ብሎ በቃሬዛ ወረታ አስወሰደኝ። ወባ ነው አሉ። ክኒን ሰጡኝ፤ ዳንኩ። ክንዴ ቃሬዛውን ከፊት ይዞ ነበር። እስካሁን አያናግረኝም፤ ግን ከፊት የያዘው እሱ ነው።

ከዳንኩ በኋላ አባዬ ለመነን ሸክላ መተኮሻ የሚሆን ኩበት በአህያ ጭኖ ወሰደላት። እንድትገባ ብትለምነው ደፉ ላይ ቆሞ፣ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ተመለሰ። ገና አልገባም።

ማታ ግን ያን ወረቀት ከእማዬ ተቀብሎ ፊቴ አስቀመጠው። «እፈርምልሻለሁ። ሂጂ» አለኝ። «ያኔ የተናገርኩትን ተይው። እዚህ ዕዳሽ በዛ፤ እኅቴም ሰው የላትም።»

እማሆይ፣ በሩ እንደገና ተከፈተልኝ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። ጣሪያዎን፣ ዝምታዎን፣ ያ እሳት ከጧፍ ወደ ጧፍ መሄዱን አሰብኩ። ከዚያ ወለተ ኪዳን ነገ መናገር ስትጀምር «አቡነ ዘበሰማያት» ማን ያስተምራታል አልኩ። እኔ ብሄድ «ጠይብ አባረረቻት» ይላሉ፤ ያን ቤት ማንም አይረግጠውም። አሁን እኔ እገባለሁ። ውኃቸውን እጠጣለሁ። እንዳልሞትኩ ያያሉ።

አልመጣም። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፤ የጸጸት ግን አይደለም። ውኃ የሚሸከምልዎ ሌላ ሰው እንዲልክልዎ ዘወትር እለምናለሁ።

ልጅዎ ሰገን


ኢየሩሳሌም፣ ጥቅምት 8 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ ሰገን፣

ሐምሌ የጻፍሽውን ለብቻዬ አንብቤ ዝም ብዬ ነበር። የመስከረሙን ግን ለእናቶች አነበብኩላቸው። ጸሎተ ሃይማኖቱ ዘንድ ስደርስ የተቀመጡት ሁሉ ተነሱ። ማንም ተነሱ አላላቸውም።

«አታንሺ» ያልኩሽ ለአንቺ ያሰብኩ አስመስዬ ነበር። ለእኔ ብዬ ነው። አንቺን ከአጠገቤ ስለፈለግሁ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይህ ነው አልኩሽ። አንቺ ከሁለት ድምፅ አንዱን መለየት ሲጨንቅሽ፣ እኔ የራሴን ሦስተኛ ጨመርኩብሽ። ቃሌ ዘግይቶ ስለደረሰ እግዚአብሔርን አመሰግነዋለሁ።

አትምጪ። መነኩሲት መሆን የሚገባሽ ጊዜ ካለ ጠሪው ያውቀዋል፤ አሁን የጠራሽ እዚያ ነው።

ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት የአንቺ አይደለም፤ የወይዘሮ መነን ነው። ማንበብ ስለማይችሉ አንቺ አንብቢላቸው። በጓዳ አይሁን፤ ደጃፋቸው ላይ ቁሚና ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ አንብቢው።

አክስትሽ


ለተከበሩ ለወይዘሮ መነን፣
ፎገራ፣ ከርብ ዳር

ሰላመ እግዚአብሔር በቤትዎ ይደር። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ አቶ አንለይ እንዴት ናቸው? ልጃችን ወለተ ኪዳንስ አደገች?

እኔ የባየህ እኅት ነኝ። ሳንተያይ ዘመድ ሆነናል፤ የእኔ ልጅ የእርስዎን ልጅ ከውኃ ተቀብላለችና። በአገራችን አበልጅ ከአበልጁ ቤት ይበላል። ከእኛ ቤት እስካሁን ከሰገን በቀር ማንም እንዳልበላ ሰምቻለሁ። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ እኔ ስለሆንኩ ይህ ነውር የእኔ ነው።

ስለዚህ እናቶችን አስፈቅጃለሁ፤ ለጥምቀት አገሬ እገባለሁ። ወረታ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ወንድሜ ሊቀበለኝ ይመጣል። ወደ ቤቱ እንዲወስደኝ አልፈቅድለትም። ይዤው ቀጥታ ወደ እርስዎ እመጣለሁ። ለፍቶ የመጣ እንግዳ ይርበዋል፤ እሱንም ይጨምሩና ከእጅዎ ያጉርሱን። ያገኙትን ያቅርቡ፤ አይጨነቁ።

እሱ ቤትዎን ሊያሳየኝ ባይፈቅድ፣ ሳላፍር «የመነን ቤት የትኛው ነው?» ብዬ በመንገዱ ሁሉ እየጠየቅሁ እመጣለሁ።

አበልጅዎ፣
እማሆይ ደብረወርቅ